ድንበር የሚሻገር ሙግት፤ የሕግ ሁለተኛ ዲግሪ ፍለጋ ከደብረ ማርቆስ ሲታይ

ደብረ ማርቆስ ላይ ጥብቅና የሚሠራ ሰው ዛሬ የሚቀርብለት የእርሻ ወሰን፣ የብድርና የጉዳት ካሳ ክርክር ብቻ አይደለም። ሜሪላንድ የሚኖር ወንድምና እዚሁ የቀረች እህቱ በወላጆቻቸው ቤት ይካሰሳሉ። ወንድምየው በኤምባሲ በኩል የላከው ውክልና «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» ይላል እንጂ «ይሽጥልኝ» አይልም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። ቶሮንቶ ላይ የፈረሰ ጋብቻ እዚህ የተሠራን ቤት ያከፋፍላል። ቤይሩት ሠርታ ደመወዟን ያልተቀበለች ልጅ ማንን፣ የት እንደምትከስ የሚነግራት ትፈልጋለች። ጉዳዮቹ ትንንሽ ይመስላሉ፤ ግን ሁሉም ሁለት አገር ረግጠው የቆሙ ናቸው።

እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲመጣ ዳኛውም ጠበቃውም የሚይዙት መመሪያ ጥቂት ነው። የሁለት አገር ሕግ ሲጋጭ የትኛው እንደሚገዛ የሚወስን ራሱን የቻለ ሕግ ኢትዮጵያ የላትም። ሬኔ ዳቪድ ለፍትሐ ብሔር ሕጉ ባዘጋጁት ረቂቅ ውስጥ ይህ ክፍል ነበረ፤ በ1952 ዓ.ም. ሕጉ ሲታወጅ ግን ተቀንሶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ረቂቆች ተዘጋጅተዋል፤ አዋጅ የሆነ የለም። በሕግ መልክ ያለን የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 456 እስከ 461 ያሰፈረው ነው። በውጭ አገር የተሰጠ ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም ያ አገር የእኛን ፍርድ የሚፈጽም መሆን አለበት፤ ፍርዱን የሰጠው በሕግ የተቋቋመ ፍርድ ቤት ሊሆን፣ ተከሳሹ የመከላከል ዕድል አግኝቶ ሊሆን፣ ፍርዱ የመጨረሻ ሊሆን፣ ከሕዝብ ሞራልና ጸጥታ ጋር የማይጋጭ ሊሆን ይገባል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25/1988 እንዲህ ያለውን ክርክር ለፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰጥቶት ነበር። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ያንን ሥልጣን በክልል በውክልና የሚሠራበት ደግሞ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። የደብረ ማርቆሱ ባለጉዳይ ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው መቀመጫው ባሕር ዳር ወደ ሆነው ፍርድ ቤት ያቀናል።

ይህንን የሚያውቅ፣ አውቆም በሌላው አገር ካለ ጠበቃ ጋር ተጻጽፎ ጉዳዩን ከዳር የሚያደርስ ባለሙያ ከየት ይገኛል? ለስድሳ ዓመታት ብርቱ ብርቱ ልጆቻችንን ለሕግ ሁለተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ ስንልክ ኖረናል። ብዙ ሕግ ተምረው ተመልሰዋል። መምህር፣ ተመራማሪ፣ ዳኛ፣ ሕግ አርቃቂ ሆነዋል። ድንበር የሚሻገረውን የጥብቅና ሥራ ራሱን፣ ማለትም ውል መደራደሩን፣ በግልግል ጉባኤ ፊት መቆሙን፣ የሌላ አገር ፍርድ ማስፈጸሙን፣ ግን እምብዛም አልተማሩትም። ያ ሥራ ሲመጣ የውጭ ጠበቃ እንቀጥራለን። ዓመታቱን ወደ ኋላ ሄዶ ያየ ሰው ይህ እንዴት እንደሆነ በግልጽ ይታየዋል።

ሕግ ድንበር ሲሻገር ጎጃም ማየት ከጀመረ ቆይቷል። ፍትሐ ነገሥት በአሥራ ሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፁ ኢብን አል አሳል በዐረብኛ የተጠናቀረ፣ በኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። ሃምሳ አንዱ አንቀጾቹ ሃይማኖታዊውንም ዓለማዊውንም ሕግ ይይዛሉ። ሊቃውንቱ እየተረጎሙ ለዳኞች ያስረዱት ነበር፤ አደባባዩ ደግሞ በላ ልበልሃ የሚባለው የክርክር ጥበብ ነበረው። የሩቅ አገር ሕግ ተቀብሎ፣ አመሥጥሮ፣ በራስ አንደበት መሟገት ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አልነበረም።

እንግዳው ነገር የመጣው ከአውሮፓ ጋር በተደረገ ውል ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1908 ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል በኢትዮጵያ የሚኖሩ ፈረንሳውያን እርስ በርስ ሲካሰሱ ቆንስላቸው እንዲዳኛቸው፣ ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲካሰሱም ቆንስሉ ከኢትዮጵያዊው ዳኛ ጎን እንዲቀመጥ ፈቀደ። ሌሎች መንግሥታትም በዚያው በር ገቡ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1942 ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ስምምነት ደግሞ እንግሊዛውያን ዳኞችን በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች አስቀመጠ። የዚያ ዘመን መሪዎች ዘመናዊ ሕግና በዚያ ሕግ የሠለጠነ ሰው ለማግኘት የቸኮሉት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ሕግ በፓሪስ የተማሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድም የአገሪቱን ጉዳይ በዓለም አቀፍ መድረክ ሲሟገቱ ኖረዋል።

ከ1949 እስከ 1958 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ስድስቱ ዋና ዋና ሕጎች ወጡ። የወንጀለኛ መቅጫውን ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን፣ የፍትሐ ብሔሩን ዳቪድ፣ የንግዱን ዣን ኤስካራ ጀምረውት እሳቸው ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ አረቀቁት። አርቃቂዎቹ ከየአገራቸው መጡ፤ በጽሑፍ ያስቀመጡትን የሚያስተምር ግን አገር ውስጥ አልነበረም። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ፤ አብዛኞቹ መምህራንም የውጭ ሰዎች ነበሩ። የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት በዓመቱ መታተም ጀመረ። አባ ጳውሎስ ጻድዋ ፍትሐ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ የመለሱትንም ይኸው ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1968 አሳተመው። ያ ትውልድ ለመሠረት ድንጋይ የሚሆን ሥራ ሠርቶ አልፏል፤ ዛሬም ድረስ የውል ሕግ የሚያስተምር ሰው የፕሮፌሰር ክርዜቹኖቪች ጽሑፍ ሳይጠቅስ አያልፍም።

ከመጀመሪያዎቹ ምሩቃን መካከል ብልጫ ያሳዩት ለመምህርነት ተመርጠው ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ አሜሪካ ይላኩ ጀመር። የውጭ አገር የሕግ ትምህርታችን መልክ የተቀረጸው እዚህ ላይ ነው። ሰዎቹ የተላኩት የውጭ መምህራንን እንዲተኩ ነበር፤ ዓላማው ትክክል ነበር፣ ተሳክቷልም። ነገር ግን ልምዱ ጸና፤ «ውጭ ሄዶ ሕግ መማር» ማለት «ለማስተማር መዘጋጀት» ሆኖ ቀረ። በዚያው ዘመን ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ሄግ በሚገኘው የዓለም ፍርድ ቤት ከሰዋል። ክሱ እ.ኤ.አ. በ1960 ተመሥርቶ በ1966 ተቋጨ። አፍሪካ በሕግ መድረክ የተሟገተችበት ታላቅ ጉዳይ ነው፤ ክርክሩን በዋናነት የመሩት ግን አሜሪካዊው ጠበቃ ኧርነስት ግሮስ ነበሩ። ፋኩልቲው ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ስለነበር ያን ጊዜ ይህ አይፈረድበትም። የሚያሳዝነው ከአርባ ዓመት በኋላም ሁኔታው ብዙ አለመለወጡ ነው።

በደርግ ዘመን የአሜሪካው በር ተዘጋ። ተማሪው በ1967 ዓ.ም. ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ስኮላርሺፑ ከሶቪየት ኅብረት፣ ከምሥራቅ ጀርመንና ከሌሎች ሶሻሊስት አገሮች ሆነ። በሞስኮ የተማረ የሕግ ሰው የሩሲያ ቋንቋና ሌላ ዓይነት የንብረት ሕግ ይዞ መጣ። ከንግድ ዓለሙ ጋር በሚያገናኝ ሕግ ረገድ ዘመኑ ባዶ ሆኖ አለፈ፤ ንግዱ ራሱ በመንግሥት እጅ ስለነበር ጥያቄውም አልነበረም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በሩ እንደገና ሲከፈት የተከፈተው በሰብዓዊ መብት በኩል ነው። ይህ ምክንያት ነበረው። የቀይ ሽብር ተጠያቂዎች እየተዳኙ ነበር፣ አዲስ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ጸድቋል፣ ለጋሾች ለፍትሕ ሥርዓቱ ገንዘብ ያወጡ ነበር። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ መብት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2000 በጀመረው የአፍሪካ ሰብዓዊ መብትና ዴሞክራሲ ሁለተኛ ዲግሪ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተምረዋል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የትምህርቱ አጋር ነው። ቡዳፔስት የነበረው የመካከለኛው አውሮፓ ዩኒቨርሲቲ፣ የሆላንድ፣ የኖርዌይና የስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች ከየክልሉ የመጡ ዳኞችና መምህራንን ተቀብለዋል። የዛሬው የሕግ መምህር ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ሞገድ ያለፈ ወይም በዚህ ሞገድ ባለፈ ሰው የተማረ ነው። የፍርድ ሂደት፣ የሴቶች መብት፣ የሕፃናት ጥበቃ ክርክር በአገራችን የጠለቀው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ይህን ማቃለል ግፍ ይሆናል።

ነገር ግን ስኮላርሺፑ የተማሪውን ምርጫ ወሰነው። በጎጃም የቅኔ ተማሪ ከጎንጅ ዋሸራ፣ ከዋሸራ ዲማ ሲሄድ መምህሩን መርጦ ነው፤ እገሌ በዚህ ይበልጣል ብሎ፣ የጎደለውን አውቆ ነው የሚሄደው። የሕግ ተማሪያችን ግን የሄደው ገንዘብ ወደተገኘበት ነው። ለሰብዓዊ መብት ገንዘብ ነበር፤ ለግልግል ዳኝነት፣ ለግንባታ ውል፣ ለመርከብ ሕግ፣ ለዓለም አቀፍ የግብር ሕግ እምብዛም አልነበረም።

ክፍተቱ ያስከፈለን ነገር አለ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ማግስት የአልጀርሱ ስምምነት የድንበርና የካሳ ኮሚሽኖችን አቋቋመ። የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔውን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2002 ሰጠ፤ የካሳው ኮሚሽን በነሐሴ 2009 ለኢትዮጵያ ወደ 174 ሚሊዮን፣ ለኤርትራ ወደ 163 ሚሊዮን ዶላር ወሰነ። በሁለቱም መድረክ ከኢትዮጵያውያን ጎን የቆሙት፣ ብዙውንም ክርክር የያዙት የውጭ ጠበቆች ነበሩ። በዚያው ጊዜ ሳሊኒ የተባለው የጣሊያን ተቋራጭ ከአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ጋር በግልግል ይከራከር ነበር። ውሉ የግልግሉን መቀመጫ አዲስ አበባ ቢያደርገውም ዳኞቹ ችሎቱን በፓሪስ ለማስቻል ወሰኑ፤ የእኛ ፍርድ ቤቶች ሂደቱ እንዲቆም አዘዙ፤ ጉባኤው ግን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 በሰጠው ውሳኔ ትእዛዙ አያስቆመኝም ብሎ ቀጠለ። ውሳኔው ዛሬ በየአገሩ የግልግል ሕግ ክፍል ውስጥ ይጠናል። ውጭ ተምረው የተመለሱ ሰዎቻችንም ስለ አገራቸው ጉዳይ የሰሙት ብዙ ጊዜ ከባዕድ መምህር አፍ ነው።

በጎጃም በኩል የመጣው ለውጥ የተጀመረው የሕግ ትምህርት ቤቶች ከአዲስ አበባ ሲወጡ ነው። ባሕር ዳር ቀደመ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የሕግ ትምህርት እዚሁ ከተማ ገባ። ትምህርቱ አምስት ዓመት ሆነ፤ ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም የሕግ ተማሪ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ የመውጫ ፈተና መውሰድ ጀመረ። ይህ ፈተና ብዙ ተወቅሷል፤ እኔ ግን ለቀጣዩ ትምህርት የሚጠቅም ሚዛን ነው ባይ ነኝ። ከሸበል፣ ከማቻከል፣ ከእነማይ የመጣ ልጅ ከአዲስ አበባው እኩል ተመዝኖ የሚያልፍበት አንድ ሥፍራ ነውና።

ከዚያም 2012 እና 2013 ዓ.ም. መጡ፤ በእኔ እምነት ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ ለሕግ ሙያ ትልቁ ዘመን ያ ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 የኒው ዮርክን ስምምነት ተቀበለች፤ ስምምነቱ በውጭ አገር የተሰጠ የግልግል ውሳኔ በአባል አገሮች እንዲፈጸም የሚያስገድድ ነው። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013፣ አዲሱ የንግድ ሕግ 1243/2013፣ የካፒታል ገበያ አዋጅ 1248/2013፣ የፌዴራል ጥብቅና አዋጅ 1249/2013 በተከታታይ ታወጁ። የመጨረሻው ጠበቆች ተደራጅተው በድርጅት እንዲሠሩ ፈቀደ፤ እስከዚያ ድረስ ጠበቃ ብቻውን የሚሠራ ሰው ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የባንኩ ዘርፍ በአዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባለሀብት ተከፈተ።

እነዚህ አዋጆች አንድ ላይ ሲነበቡ ትርጉማቸው ከባድ ነው። ለምሳሌ ቀድሞ የሰበር ሰሚ ችሎት፣ ተዋዋዮች «የግልግሉ ውሳኔ የመጨረሻ ነው» ብለው ቢስማሙም እንኳ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለ አየዋለሁ ይል ነበር። በጂቡቲና ኢትዮጵያ የባቡር ድርጅት እና በኮንስታ መካከል የነበረው ጉዳይ በዚህ መንገድ በ2010 ዓ.ም. ሰበር ደርሷል። አዲሱ አዋጅ ተዋዋዮቹ በተቃራኒው ካልተስማሙ በስተቀር የሰበሩን በር ክፍት አድርጎታል፤ ስለዚህ በውሉ ላይ የምትጻፍ አንዲት ዓረፍተ ነገር የሚሊዮኖችን ዕጣ ትወስናለች። ያችን ዓረፍተ ነገር ማን ይጻፋት? በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል የቆመው፣ በጃፓን እርዳታ በካጂማ ኩባንያ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ላይ የሚያልፍ ሰው፣ ከእንዲህ ያለ ሥራ ጀርባ በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ የእንግሊዝኛ ውል እንዳለ ልብ ላይል ይችላል። በየመንገዱ ሥራ ተቋራጭ ለተጨማሪ ጊዜና ለተጨማሪ ክፍያ ሲጠይቅ የሚመልስለት የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል።

እዚያው ድልድይ ላይ ሌላም ወሰን አለ። በክልሉ የጥብቅና ፈቃድ የሚሠራ የደብረ ማርቆስ ጠበቃ በፌዴራል ፍርድ ቤት ለመቆም የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልገዋል። ኒው ዮርክና ለንደን ከመታሰባቸው በፊት ዓባይን መሻገሩ ራሱ ፈቃድ የሚጠይቅ ነው።

አሁን የውጭውን በር ላንሳ፤ ወጣት የሕግ ምሩቃን በጣም የሚጠይቁት እሱን ነውና። ብዙዎች የሕግ ሁለተኛ ዲግሪ ብቻውን በውጭ አገር ጥብቅና የሚያስፈቅድ ይመስላቸዋል። አያስፈቅድም። በኒው ዮርክ ደንብ መሠረት የውጭ ምሩቅ የሚመዘነው በሁለት ነገር ነው፤ የትምህርቱ ርዝመትና የሕጉ ሥርዓት ከእንግሊዝ የኮመን ሎው ሥርዓት ጋር መመሳሰሉ። አንዱ ቢጎድል በአሜሪካ በተገኘ ሁለተኛ ዲግሪ ይሟላል፤ ሁለቱም ከጎደሉ አይሟላም። የእኛ ዲግሪ አምስት ዓመት ስለሚወስድ ርዝመቱ ይበቃል፤ ሕጋችን ግን ከአውሮፓ አህጉራዊ ሥርዓት ስለተወሰደ በሁለተኛው ይጎድላል። ማሟያው ዲግሪ 24 ክሬዲት ሊኖረው ይገባል። በዚያ ውስጥ 2 ክሬዲት የሙያ ሥነ ምግባር፣ 2 ክሬዲት የሕግ ምርምርና ጽሑፍ፣ 2 ክሬዲት የአሜሪካ ሕግ መግቢያ፣ 6 ክሬዲት ደግሞ በጥብቅና ፈተናው ላይ ከሚመጡ ትምህርቶች መሆን አለበት። ብዙ ወገኖቻችን የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። በሰብዓዊ መብት ወይም በዓለም አቀፍ ሕግ ግሩም ዲግሪ ይይዙና እነዚያን ክሬዲቶች ሳይወስዱ ይመረቃሉ፤ ከዚያ ለፈተናው ለመቀመጥ እንኳ አይፈቀድላቸውም። ኮርሱ የሚመረጠው በመጀመሪያው ሳምንት ስለሆነ ይህን ከመሄድ በፊት ማወቅ ነው የሚያድነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የዋሽንግተን ዲሲ ደንብ 26 ክሬዲት ይጠይቃል። ካሊፎርኒያ በአገሩ ፈቃድ ያለውን ጠበቃ ያለተጨማሪ ዲግሪ ለፈተና ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ከመሄዱ በፊት እዚህ ፈቃድ ያወጣ ሰው ካላወጣው ይሻላል። ካናዳ የውጭ ምሩቃንን የሚመዝን ብሔራዊ ኮሚቴ አላት፤ የሚጎድለውን ትምህርት ወይም ፈተና ለይቶ ይነግራል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ጀምሮ ሶሊሲተር ለመሆን ሁለት ደረጃ ያለው አንድ ፈተና አምጥታለች፤ ሁለተኛ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ፈተናው ብቻ ግን ከ4 ሺህ 500 ፓውንድ በላይ ያስከፍላል። በአሜሪካ የታወቁ የሕግ ትምህርት ቤቶች የአንድ ዓመት ክፍያ ከ70 ሺህ ዶላር ያልፋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ገንዘብ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ያለ ስኮላርሺፕ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ስለዚህም ነው አሜሪካ ገብተው ከሕግ ሙያ የወጡ ብዙ ዳኞችና ዓቃብያነ ሕግ የምናየው። በአስተርጓሚነት፣ በሰነድ ዝግጅት፣ ከሙያው ጋር ጨርሶ በማይገናኝ ሥራ ይኖራሉ። በሁለቱም አገር ቋንቋና ሕግ የሚሠራ ጠበቃ በጠፋበት ሰዓት የአሥር ዓመት የችሎት ልምድ ያለው ሰው እንዲህ መባከኑ ያንገበግባል። በተቃራኒው በመጡበት መንገድ የሚመለሱም አሉ፤ የውጭ ዲግሪያቸውን ለአቻ ግምት ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቅርበው፣ የጥብቅና ፈተናውን ወስደው ይሠራሉ። አዲሶቹ የጥብቅና ድርጅቶች ከእነዚህ የሚጠቀሙት ብዙ ነው።

ከጎጃም ለሚነሳ ሰው መንገዱ የባሰ ረጅም ነው። ኤምባሲዎቹ አዲስ አበባ፣ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይገኛሉ። የኒው ዮርክ ፈታኝ ቦርድ የተማሪው ውጤት ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክለት ይፈልጋል፤ በተማሪው እጅ የመጣ ትራንስክሪፕት አይቀበልም። ስለዚህ የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት አሠራር የአንድን ሰው ዓመት ሊያስረዝም ወይም ሊያሳጥር ይችላል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ግጭት ተቀሰቀሰ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፣ መንገድ በየጊዜው ተዘጋ። የስኮላርሺፕ ማመልከቻ የሚሞላው በኢንተርኔት ነው፤ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። በእነዚያ ወራት ስንት ብርቱ ልጅ ማመልከቻው ሳይላክ እንደቀረ ማሰብ ያማል። ይህ ኪሣራ ተመዝግቦ የሚቀመጥበት መዝገብ የለውም።

የጎረቤቶቻችን አካሄድ ሌላ ነው። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2012 የኪጋሊን ዓለም አቀፍ የግልግል ማዕከል ከፈተች፤ ኬንያ በ2013 ባወጣችው ሕግ የናይሮቢውን አቋቋመች። የኬንያ ጠበቃ ከእንግሊዝ የወረሰው ሥርዓት በውጭ ፈተናዎች ያግዘዋል፤ እኛ ያ ዕድል የለንም። በአንጻሩ የእኛ ሕግ የፈረንሳይን፣ የስዊዝን፣ የሕንድንና የእንግሊዝን ምንጮች አቀላቅሎ የያዘ ነው፤ በሁለቱም ታላላቅ ሥርዓቶች መካከል መናገር የሚችል ባለሙያ ለማውጣት ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል። ይህን ጥቅም አልተጠቀምንበትም።

ጎጃም ከሌላው ይልቅ ይህን ጉዳይ የራሱ ሊያደርገው የሚገባበት ሌላ ምክንያት ዓባይ ነው። ወንዙ ጎጃምን ዞሮ ከአገር ይወጣል፤ ስለ እሱ የሚደረገው የሕግ ሙግት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1902ቱ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ውል ይጀምራል። በ1929 እና በ1959 የተፈረሙት ስምምነቶች ኢትዮጵያን ሳያካትቱ ውኃውን አከፋፈሉ። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. የመርሆዎች መግለጫ በካርቱም ተፈረመ። እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 በዋሽንግተን በተደረገው ድርድር እያንዳንዱ ቃል በሕግ ባለሙያ ተመዝኗል፤ ኢትዮጵያም በመጨረሻው ስብሰባ ሳትገኝ ቀረች። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ፤ ግድቡም በጳጉሜን 2017 ተመረቀ።

በዚህ ዘርፍ የውጭ ትምህርታችን ፍሬ በጉልህ ይታያል። ታደሰ ካሳ ወልደፃዲቅ በኦስሎ የሠሩትን ጥናት ስለ ናይል ተፋሰስ የውኃ ሕግ በመጽሐፍ አሳትመዋል። ደረጀ ዘለቀ እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓ የዓለም አቀፍ ሕግ መጽሔት ላይ «የውኃ ደኅንነት» የተባለው ሐረግ ድርድሩን ወዴት እንደወሰደው ሞግተዋል። ዘርአይ ይሕደጎ በስኮትላንዱ አበርዲን ዩኒቨርሲቲ ሕግ እያስተማሩ በዚሁ ጉዳይ በስፋት ጽፈዋል። እነዚህ ሰዎች የተማሩት አገራቸው የሚያስፈልጋትን ጥያቄ ይዘው ነው፤ ክርክራችን በባዕድ አፍ ብቻ የማይነገርበት አንድ ዘርፍ የኖረን በእነሱ ነው። በውኃ የሆነው በንግድ ውል፣ በግልግል፣ በቤተሰብና በውርስ ያልሆነበት ምክንያት የችሎታ ማነስ አይደለም። ጥያቄውን ይዞ የሄደ ሰው ጠፍቶ ነው።

ለዚህ የግድ ኒው ዮርክ መጠበቅ አያስፈልግም። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ያሉት የሕግ ትምህርት ቤቶች ሁለት አገር የነካ ጉዳይን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ትምህርት በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ሊያስተምሩት ይችላሉ። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በውክልና ሥልጣኑ ያያቸውን የውጭ ፍርድ ማስፈጸሚያ መዝገቦች፣ የባለጉዳዮች ስም ተሰርዞ፣ ለማስተማሪያ ቢሰጡ ከማንኛውም የውጭ መጽሐፍ ይበልጥ ያስተምራሉ። በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች በየቀኑ የሚያዩት የውክልና ጉድለት ምን ዓይነት እንደሆነ ተማሪዎች ወጥተው ቢመዘግቡ፣ ውጭ ላሉ ወገኖች የሚሆን ትክክለኛ የውክልና ናሙና ይወጣል፤ ይህ ብቻውን ብዙ ወንድምና እህት ከመካሰስ ያድናል። በውጭ ያሉ የሕግ ሰዎቻችንም ዕረፍት ይዘው ሲመጡ አንድ ሁለት ሳምንት ውል መጻፍና ግልግል ቢያስተምሩ የሚከለክላቸው ነገር የለም።

ወደ ውጭ የሚሄደው ልጅም ከዚህ ተነስቶ ይሂድ። ማመልከቻው ላይ «ዓለም አቀፍ ሕግ መማር እፈልጋለሁ» ብሎ ከመጻፍ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 458 ሥር ያለው፣ «ያ አገር የእኛን ፍርድ ይፈጽማል ወይ» የሚለው መስፈርት ከሜሪላንድ ወይም ከኦንታሪዮ ሕግ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ላጥና ቢል መራጩ ኮሚቴ ቆም ብሎ ያነበዋል። በሄደበት አገር የወሰደው እያንዳንዱ ክሬዲት ለጥብቅና ፈተናው ይቆጠር እንደሆነ ከመመዝገቡ በፊት ይጠይቅ። ከመሄዱ በፊትም እዚህ የጥብቅና ፈቃዱን ያውጣ፤ ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ የሚላክበትን መንገድ ከሬጅስትራር ጋር ይጨርስ።